«ግልገል»፣ «ጠቦት» እና የ«ጸደይ» መጀመሪያ
ስለ በግ ርቢ ቃላትና ስለ ወቅቶች ስያሜ አተረጓጎም

የአንድን ቋንቋ ጽሑፍ ወደ ሌላ ቋንቋ ለመመለስ የተነሣ ሰው በብዛት የሚፈራው ረቂቅ ሐሳብን የሚገልጹ ቃላትን ነው። ይሁን እንጂ ተርጓሚን ይበልጥ የሚያሰናክሉት ተራ የሚመስሉ የዕለት ተዕለት ኑሮ ቃላት ናቸው። ጥቂት በጎች ያሉት አንድ የአውሮፓ ገበሬ በጸደይ መጀመሪያ ከእንስሳቱ ጋር እንዴት እንደሚውልና እንደሚያድር የሚተርክ ጽሑፍ ለዚህ በቂ ማስረጃ ይሆናል። በእንዲህ ዓይነቱ ጽሑፍ ውስጥ ፍልስፍና የለም፤ ያሉት በግ፣ ልደት፣ ሣር፣ ማደሪያና ወቅት ናቸው። ነገር ግን ሁሉም በየፊናቸው ተርጓሚውን ጥያቄ ይጠይቁታል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ጥያቄዎቹን በቅደም ተከተል አቅርቦ መፍትሔ መጠቆም ነው።

ለምሳሌነት የተመረጠችው አገር ቡልጋሪያ ናት። በመካከለኛው አዲስ አበባ፣ በቂርቆስ ክፍለ ከተማ፣ በዚሁ ስም የሚጠራ ሰፈር አለ፤ ስሙንም ያገኘው ከአገሪቱ ኤምባሲ ነው። ስሙን ያዋሰችው አገር በበግ ርቢ የቆየ ልማድ ያላት ስትሆን፣ ስሙን የተዋሰው ሰፈር ደግሞ በግን የሚያውቀው ይልቁንም በበዓል ዋዜማ ነው። የሰፈሩ ሰው በግ ሲገዛ ላቱን ጨብጦ፣ ጥርሱን አይቶ፣ ሽንጡን ዳስሶ ዋጋ ይከራከራል፤ እስኪታረድም ድረስ ከግቢው አስሮ ፉርሽካና የጠላ አተላ ያበላዋል። በግ የሚረግዝበትን፣ የሚወለድበትንና ጡት የሚጥልበትን ጊዜ ግን አያይም። ስለሆነም «በግ» እና «ሙክት» የሚሉት ቃላት በአፉ ሲቀሩ፣ በመካከላቸው ያሉት ብዙ ቃላት ከንግግሩ እየወጡ ነው። ዛሬ ከሚተረጉሙትም ሆነ ትርጉሙን ከሚያርሙት ሰዎች መካከል ብዙዎቹ ያደጉት በእንዲህ ያለ ሰፈር መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

፩. የወቅቱ ስም

በመጀመሪያ የሚያጋጥመው ችግር «ጸደይ» የሚለው ቃል ነው። በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ዓመቱ በአራት ወቅት ይከፈላል፦ መጸው ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25፣ በጋ ከታኅሣሥ 26 እስከ መጋቢት 25፣ ጸደይ ከመጋቢት 26 እስከ ሰኔ 25፣ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ነው። በብዙ የትምህርትና የጋዜጣ ጽሑፎች ግን ጸደይ የመስከረም፣ የጥቅምትና የኅዳር ወራት ስም ሆኖ ይገኛል፤ ምክንያቱም የአበባና የልምላሜ ወቅት የሚለው የውጭ አገር ትርጓሜ በእኛ አገር የሚስማማው ከአደይ አበባ ጊዜ ጋር ነው። በዚህም የተነሣ አንድ ቃል ግማሽ ዓመት ያህል የሚራራቁ ሁለት ወቅቶችን መሰየም ጀምሯል።

በአውሮፓ የአየር ጠባይ ባለሙያዎች ልማድ ጸደይ የሚባለው ከማርች 1 እስከ ሜይ 31 ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ይኸውም በእኛ ዘመን አቈጣጠር ከየካቲት 22 እስከ ግንቦት 23 መሆኑ ነው። እንግዲህ የዚህ ወቅት መጀመሪያ፣ ማለትም የማርች ወር፣ በቤተ ክርስቲያን አቈጣጠር ገና በጋ ነው፤ በጋዜጣው ልማድ ደግሞ ከጸደይ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። በሰሜን ሸዋና በወሎ ደጋ ገበሬ ዘንድ ግን ይኸው ጊዜ የበልግ ዝናብ የሚጠበቅበት ነው። «በልግ» ሲባል ዝናቡም፣ ወቅቱም፣ በዚያ ዝናብ የሚበቅለውም እህል ይታሰባል። ስለዚህ የቡልጋሪያን የማርች ወር «በልግ» ብሎ መተርጐም ወሩን ቢያስተካክልም፣ በረዶ የሚቀልጥበትን አገር የበልግ አብቃይ ያደርገዋል።

፪. ልደት ከወቅት ጋር የተያያዘበት ምክንያት

ችግሩ የስም ብቻ ቢሆን ኖሮ በግርጌ ማብራሪያ በተፈታ ነበር። ነገር ግን በአውሮፓ «የጸደይ መጀመሪያ» የሚለው ሐረግ በውስጡ ሌላ ትርጉም ተሸክሟል፤ ይኸውም የበጎች መውለጃ ጊዜ መሆኑ ነው። ከምድር ወገብ ርቀው የሚኖሩ በጎች አውራ የሚፈልጉት የቀኑ ብርሃን እያጠረ በሚሄድበት ጊዜ ነው። የበግ እርግዝና አምስት ወር ገደማ፣ ማለትም 150 ቀን ያህል ስለሆነ፣ ግልገሎቹ የሚወለዱት ብርዱ በሚሰበርበትና ሣሩ ብቅ በሚልበት ወራት ይሆናል። በኢትዮጵያ ግን የቀኑ ርዝመት ብዙ አይለዋወጥም፤ በአዲስ አበባ በዓመቱ ረጅም ቀንና አጭር ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አውራውም ዓመቱን ሙሉ ከሴቶቹ ጋር ስለሚሰማራ፣ የእኛ በጎች በማናቸውም ወር ሊወልዱ ይችላሉ። የልደቱን መብዛትና ማነስ የሚወስነው በአመዛኙ የመኖ መገኘት ነው።

የቃሉ አመራረጥ ምን ያህል ጕዳት ሊያስከትል እንደሚችል የሚታየው እዚህ ላይ ነው። «በጸደይ መጀመሪያ ለሚያጠቡ በጎች ተጨማሪ መኖ ይሰጣቸው» የሚል ምክር ከውጭ አገር መጽሐፍ ቃል በቃል ተተርጕሞ ለመንዝ ገበሬ ቢደርሰው፣ ጸደይን የአደይ አበባ ወቅት አድርጎ የተማረ አንባቢ ምክሩን በመስከረም ይተረጕመዋል። በመስከረም ደግሞ መስኩ ሣር ሞልቶታል። ምክሩ የተጻፈው ግን መስኩ ራቁቱን ለቀረበት፣ እናቲቱም በድርቆሽ ለምትኖርበት ጊዜ ነበር። ፍየል ወዲህ ቅዝምዝም ወዲያ የሚባለው እንዲህ ያለው ነው፤ ድርቆሹ በማያስፈልግበት ወር ያልቅና ግጦሹ በሚመነምንበት በየካቲትና በመጋቢት ጉሮኖው ባዶ ይሆናል። ተርጓሚው አንድ ቃል ሲስት ገበሬው ግልገል ያጣል።

፫. የዕድሜና የጾታ ስያሜዎች

አማርኛ በግን በዕድሜና በጾታ የሚለይባቸው ቃላት አያንሱትም። «ግልገል» አዲስ የተወለደውንና የሚጠባውን፣ ወንድ ሴት ሳይለይ፣ የበግንም የፍየልንም ልጅ ይሰይማል። «ጠቦት» ከግልገልነት ያለፈ፣ ግን ገና ያልጎለመሰ ሲሆን፣ በብዛት የሚነገረው ለወንዱ ነው። «አውራ በግ» ለርቢ የቆመው፣ «ሙክት» ደግሞ ተኰላሽቶ የደለበው ነው። ገና ያልወለደችው ወጣት ሴት «ቄብ» ትባላለች፤ ይህን ቃል የከተማው ተናጋሪ ከዶሮ ጋር ብቻ አያይዞት ይገኛል።

በእነዚህ ቃላት መካከል ያለው ልዩነት ለቀደሙት ተርጓሚዎች የተሰወረ አልነበረም። በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 21 ለጴጥሮስ በተሰጠው አደራ ውስጥ የአማርኛው ጽሑፍ ግልገልን፣ ጠቦትንና በግን ለያይቶ አስቀምጧል። በሌላ በኩል በዚሁ ወንጌል በምዕራፍ 1 «የእግዚአብሔር በግ» የሚለው አጠራር ግዕዙን ተከትሎ በጠቅላላው ስም ጸንቷል፤ ብዙ የአውሮፓ ቋንቋዎች ግን በዚህ ቦታ የሚጠቀሙት የግልገልን ስም ነው። ቡልጋርኛም እንዲሁ የግልገልን ስም ይጠቀማል። ከዚህ የምንረዳው አንድ የውጭ ቃል በሁሉም ቦታ በአንድ የአማርኛ ቃል ብቻ ሊተካ እንደማይችል ነው። የውጭው የግልገል ስም በጉሮኖ ውስጥ ለሚጠባው «ግልገል»፣ ለበዓል ሲቀርብ «ጠቦት»፣ በጸሎት ውስጥ ደግሞ «በግ» ሊሆን ይገባዋል።

፬. የእረኝነት ውሎ ቃላት

እረኛ በጎቹን ጠዋት «ያሰማራል»፣ ቀን «ይጠብቃል»፣ ማታ ወደ «ጉሮኖ» ያስገባል። በግ ሣር «ይግጣል» ወይም «ይነጫል»፤ ሲያርፍ «ያመሰኳል»። ልትወልድ የተቃረበች በግ ጡቷ ሲሞላ «አጋተች» ይባላል። የመጀመሪያው ወፍራም ወተት «እንገር» ነው። ግልገሉ ሳይደርስ ሲወጣ «ጨነገፈች»፣ አድጎ መጥባት ሲተው «ጡት ጣለ» ይባላል። ጠጉሩ «ይሸለታል»፤ በመንዝም ተፈትሎ «ባና» ይሆናል። ቆዳው ሲለበስ «ለምድ» ወይም «ደበሎ»፣ ሲነጠፍ «አጎዛ» ነው።

ከእነዚህ ቃላት አንዳንዶቹ ከመስክ ወጥተው ወደ ጽሕፈት ቤት ገብተዋል። «በልዩ ልዩ የሥራ መስክ የተሰማሩ» የሚለው የመሥሪያ ቤት አነጋገር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው የእረኛ ቋንቋ ነው፤ መስክ የግጦሽ ቦታ፣ መሰማራትም የእንስሳት ወደ ግጦሽ መውጣት ነውና። በተቃራኒው «መንጋ» በቅርብ ዓመታት በፖለቲካ ንግግር የሥርዓት የለሽ ሰዎች ስብስብ ስም በመሆኑ መጥፎ ስሜት እያዘለ መጥቷል። ከዚህም ሌላ አምስት ወይም ስድስት በጎች ያሉት ገበሬ «በጎቼ» ይላል እንጂ «መንጋዬ» ማለትን አያዘወትርም። ስለዚህ በውጭው ጽሑፍ ለጥቂት እንስሳት የተነገረ የመንጋ ስም ሲገኝ «አነስተኛ መንጋ» ከማለት «ጥቂት በጎች» ማለት ለአማርኛው ይቀርባል።

፭. የማነጻጸሪያ ምሳሌ

ከላይ የተባለውን ለማሳየት አንዱን ሐሳብ በሁለት መልክ እናቅርብ።

ሀ) «በጸደይ መጀመሪያ ቀናት አነስተኛ መንጋ ያለው በግ ጠባቂ ለመውለድ ከተቃረቡ ሴት በጎች ጋር ሌሊቱን በጋጣ ውስጥ ያሳልፋል፤ አዲስ የተወለዱት ጠቦቶች የመጀመሪያውን ወተት መጥባታቸውንም ያረጋግጣል።»

ለ) «በመጋቢት፣ በረዶው መቅለጥ ሲጀምር፣ ጥቂት በጎች ያሉት እረኛ ካጋቱት እናቶች ጋር ጉሮኖ ያድራል፤ ግልገሎቹ እንገሩን መጥባታቸውን ሳያይ አይተኛም።»

የመጀመሪያው የሰዋስው ስሕተት የለበትም፤ ሆኖም እያንዳንዱ ቃል ከመዝገብ ተለቅሞ የተገጠመ ነው። «ጋጣ» በአብዛኛው የፈረስ፣ የበቅሎና የከብት ማደሪያ ነው፤ የበግና የፍየሉ ጉሮኖ ነው። «ጠቦት» ለዕለት ግልገል አይሆንም። «ሌሊቱን ያሳልፋል» ለማለት አማርኛ «ያድራል» የሚል ግሥ አለው። በሁለተኛው «ጸደይ» ቀርቶ ወሩና ምልክቱ ተጠቅሰዋል፤ ስለሆነም አንባቢው ወቅቱን በየትኛውም ልማድ ቢቈጥር አይሳሳትም።

በዓልን የተመለከተ ጽሑፍም በዚሁ መንገድ ሊታይ ይገባል። በቡልጋሪያ የቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ «ጌርጊዮቭዴን»፣ በሜይ 6 ይከበራል፤ የእረኞች ዓመት መጀመሪያ ሆኖ ይቈጠራል፤ በዕለቱም ጠቦት ይታረዳል። ዕለቱ በእኛ ሚያዝያ 28 ላይ ሲውል፣ የእኛ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ግን በ23 ነው። ተርጓሚው ሁለቱ በዓላት ስለተቀራረቡ ብቻ ቀኑን ወደ እኛው በዓል ማዛወር የለበትም።

፮. የቀረበ ሐሳብ

የደስታ ተክለ ወልድ መዝገበ ቃላት በ1962 ዓ.ም.፣ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች ጥናትና ምርምር ማዕከል ያዘጋጀው አማርኛ መዝገበ ቃላት ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ታትመዋል። ወደፊት የሚዘጋጁ መዛግብት የእንስሳት ርቢ ቃላትን ሲፈቱ የእንስሳውን ዓይነት፣ ዕድሜውን፣ ጾታውንና ቃሉ የሚነገርበትን አካባቢ ለይተው ቢያመለክቱ ለተርጓሚ እጅግ ይጠቅማል። የወቅት ስሞችንም ያለ ወር መፍታት መቅረት ይገባዋል፤ በተለይ ጸደይ በሁለቱም ልማዶች፣ ከነወራቱ፣ ተለይቶ መመዝገብ ይኖርበታል። ለግብርና ምክር በሚዘጋጁ ትርጉሞች ግን ቃሉን ትቶ ወሩን መጻፍ፣ ወይም «ሣር በሚያንስበት ወራት» ብሎ ምክንያቱን መናገር ከሁሉ የተሻለ ነው።

ቃላቱን ለመሰብሰብ ሩቅ መሄድ የግድ አይደለም። በበዓል ሰሞን በጎቻቸውን ይዘው ከከተማ የሚገቡት ሰዎች ግልገልን ከጠቦት፣ ጉሮኖን ከጋጣ ለይተው ይጠራሉ። ገዢው ዋጋ ብቻ ጠይቋቸው ይመለሳል፤ የቃላት አጥኚው ግን ስሙን ቢጠይቃቸው፣ ለመዝገቡ የሚሆነውን ከዚያው ከገበያው ያገኛል።