ከጓሮ በር የገቡ መጻሕፍት

እናትዎ በምን ሥራ እንዳሳደጉዎ ለሰው መናገር አፍረው ያውቃሉ? እኔ አፍሬ አውቃለሁ። እናቴ ያስተማረችኝ እንጀራ ጋግራ እየሸጠች ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ግን ለጓደኞቼ «ነጋዴ ናት» እያልኩ አልፈው ነበር። ይህን ያስታወሰችኝ አሜሪካዊቷ የሳይንሳዊ ልቦለድ ደራሲ ኦክታቪያ በትለር ናት።

በትለር እ.ኤ.አ. በ1947 በካሊፎርኒያዋ ፓሳዴና ተወለደች። ሊስትሮ የነበረው አባቷ ገና በልጅነቷ ሞተ። እናቷ በነጮች ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ትንሿ ኦክታቪያ ተከትላቸው ስትሄድ በጓሮ በር ሲገቡ፣ ሲዘለፉም እንዳልሰማ ሲያልፉ ታይ ነበር። በእናቷ አፈረች። እኚሁ እናት ግን አሠሪዎቻቸው የጣሏቸውን መጻሕፍት ሰብስበው ያመጡላት ነበር፤ ንባብ ለሚከብዳት፣ ዓይን አፋር ልጃቸው።

ቆይቶ ገባት። እናቷ ያንን ውርደት ባይውጡት ኖሮ በቤታቸው እራት አይኖርም ነበር። በ1979 የታተመው «ኪንድረድ» የተወለደው ከዚህ ቁጭት ጭምር ነው። በ1976 የምትኖረው ጥቁር ሴት ዳና በድንገት ወደ ባርነት ዘመኗ ሜሪላንድ ትወሰዳለች፤ አያት ቅድመ አያቶቿ በሕይወት ለመቆየት ምን እንደቻሉ በገዛ ጀርባዋ ትማራለች።

በትለር ራሷ ሰሃን አጥባለች፣ የድንች ቺፕስ ፋብሪካ ውስጥ ሠርታለች፣ በስልክም ዕቃ ሸጣለች። (በማርኬቲንግ ሙያ ላይ ስላለሁ፣ የመጨረሻው ስንት «አልፈልግም» እንደሚያሰማ አውቃለሁ!) ሌሊት 8 ሰዓት ተነስታ ትጽፍና ወደ ሥራ ትሄድ ነበር። በ1995 የማክአርተርን ሽልማት ያገኘች የመጀመሪያዋ የሳይንሳዊ ልቦለድ ጸሐፊ ሆነች።

መጽሐፎቿ ከፍተኛ ሽያጭ ካላቸው ተርታ እንደሚሰለፉ በማስታወሻ ደብተሯ ለራሷ ጽፋ ነበር። በ2006፣ በ58 ዓመቷ ስታርፍ ይህን አላየችም። ስሟን ከወንጌሉ የዘሪው ምሳሌ የወሰደችው የ1993 ልቦለዷ የኒውዮርክ ታይምስ ዝርዝር ውስጥ የገባችው በ2020 ነው። ታሪኩ በ2024 ይጀምራል፤ ድርቅና እሳት የሚያስጨንቃት ካሊፎርኒያ ውስጥ። በጥር 2025 አልታዴና ስትቃጠል ብዙዎች ይህንን መጽሐፍ አነሱ። በትለር የተቀበረችው እዚያው ነው።

ለመጀመር «ኪንድረድ»ን እመክርዎታለሁ፤ ማታ ግን አይጀምሩት፣ እንቅልፍ ይነሳል። እኔ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጨርሼ፣ ሳይነጋ እናቴ ጋ ደወልኩ። ምጣድ ላይ ነበረች።

«ምነው ልጄ፣ በደህና ነው? ገንዘብ አለቀብሽ?» አለችኝ።