መድኃኒት የማይደርስበት ዕረፍት

ጤነኛ ሰው በቀን 200 ቢሊዮን ገደማ ቀይ የደም ሕዋሳት ያመርታል። የሁሉም መነሻ በአጥንት መቅኒ ውስጥ ያሉ ጥቂት ግንድ ሕዋሳት ናቸው። እነሱ ግን አብዛኛውን ዕድሜያቸውን የሚያሳልፉት ሳይከፋፈሉ፣ አርፈው ነው። ሕዋስ በተከፋፈለ ቁጥር ዲኤንኤው የመሳሳት ዕድል አለውና ማረፋቸው ይጠብቃቸዋል። ደም ሲፈስ ወይም ኢንፌክሽን ሲገባ ይነቃሉ፤ ችግሩ ሲያልፍ ወደ ዕረፍታቸው ይመለሳሉ።

ክሮኒክ ማይሎይድ ሉኪሚያ የሚባለው የደም ካንሰር የሚነሳው ከእነዚሁ ከአንዱ ነው። ክሮሞሶም 9 እና 22 ተሰብረው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። በ1960 እ.ኤ.አ. ፒተር ኖዌልና ዴቪድ ሀንገርፎርድ ፊላደልፊያ ላይ በማይክሮስኮፕ ያዩት ያጠረውን 22ኛውን ነበር፤ ልውውጡን ጃኔት ራውሊ በ1973 አሳየች። ከዚህ ስብራት የሚወለደው ቢሲአር ኤብል የተባለ ፕሮቲን ሕዋሱን ያለ ማቋረጥ «ተከፋፈል» ይለዋል።

የታመመው ግንድ ሕዋስ ከጤነኛው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ይከፋፈላል፤ መቅኒውን ለቆ በደም ይዘዋወራል፤ ጣፊያ ውስጥም ይሰፍራል። ሐኪም ከግራ ጎድን በታች ሲዳብስ እጁ ላይ የሚመጣው ያበጠ ጣፊያ ከዚህ የመጣ ነው። ይባስ ብሎ መቅኒውን ለጤነኞቹ የማይመች ያደርገዋል።

በ2001 አሜሪካ ያጸደቀችው ኢማቲኒብ (ግሊቬክ) የዚያን ፕሮቲን ሥራ ያግዳል። በቀን አንድ ጊዜ በሚዋጥ መድኃኒት የነጭ ደም ሕዋሳት ብዛት ወደ ልኩ ሲመለስ ማየት በእርግጥ ያስደንቃል። በአዲስ አበባም ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብዙ ሕሙማን በዕርዳታ ፕሮግራም ይህን መድኃኒት በነፃ አግኝተዋል።

ግን ከታመሙት ግንድ ሕዋሳት ጥቂቶቹ የጤነኞቹን ጠባይ አልተዉም፤ ያርፋሉ። ያረፈው ሕዋስ በሕይወት ለመቆየት ፕሮቲኑን እምብዛም አይፈልግም፤ ስለዚህ ፕሮቲኑ ቢታገድም አይሞትም። ለእኔ የዚህ በሽታ ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ ጤነኛውን ደም ዕድሜ ልክ የሚጠብቀው ዕረፍት፣ በሽታውንም ይጠብቃል።

ለዓመታት በሽታው በምርመራ የማይታይባቸው ሕሙማን በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን ሲያቆሙ፣ ግማሽ ያህሉ ላይ ይመለሳል፤ በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ 6 ወራት። ለዚህ ነው ያቆመ ሰው መጀመሪያ ላይ በየወሩ ደሙን የሚመረመረው። ቶሎ ከተደረሰበት መድኃኒቱ ሲጀመር በሽታው ሁልጊዜ ለማለት በሚቻል ደረጃ እንደገና ይገታል።