ከዘቢዳር ማዶ ያለ ባሕር፦ የዝዋይ ደሴቶች በትንሽ ጀልባ

በእዣ አገር፣ አገና ላይ የዘነበ ዝናብ የሚወርደው ወደ ምዕራብ ነው። በእዣ ጅረቶች አድርጎ ዋቤ ወንዝ ይገባል፤ ዋቤ ጊቤን ይቀላቀላል፤ ጊቤም ኦሞ ሆኖ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው። ከዘቢዳር ተራራ ወዲያ፣ በቡታጅራ በኩል ያለው ውሃ ግን መንገዱ ሌላ ነው። በዚያ ወገን ከሚነሱት ምንጮች ብዙዎቹ ተሰባስበው መቂ ወንዝ ይሆናሉ፤ መቂም ስምጥ ሸለቆውን አቋርጦ ዝዋይ ሐይቅ ይገባል። ውሃውን ለሁለቱ ወገን የሚያካፍለው ከ3,700 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ዘቢዳርና የእሱ የተራራ ሰንሰለት ነው። ስለዚህ የባሕር ጉዞ ያማረው የጉራጌ ሰው ጣና ድረስ መሄድ የለበትም። ከገዛ ተራራው የወረደ ውሃ የሞላው፣ ሰው የሚኖርባቸው ደሴቶች ያሉት ሐይቅ ከቡታጅራ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ አለለት።

ዝዋይ፣ በኦሮምኛ ደንበል፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ የሚገኝ ሐይቅ ነው። ስፋቱ ወደ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ከምዕራብ መቂ፣ ከምሥራቅ ከአርሲ ተራሮች የሚወርደው ቀጠር ይመግቡታል፤ የተረፈውን በቡልቡላ ወንዝ በኩል ወደ አቢጃታ ይለቃል። ይህን ሁሉ ስፋት ይዞ ጥልቀቱ በአማካይ 2 ሜትር ተኩል ብቻ ነው፤ እጅግ ጥልቅ የተባለው ቦታም 9 ሜትር ገደማ ነው። የጉዞው ጠባይ በሙሉ የሚመጣው ከዚህ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ንፋስ ሲነካው ቶሎ ይታወካል፤ ሥሩ ያለው ጭቃ ይነሳል፤ ማዕበሉም አጫጭርና ተከታታይ ይሆናል። ማለዳ ላይ የረጋው ሐይቅ ከቀትር በኋላ ጀልባ ያንገላታል። በዚህ ምክንያት ባለ ጀልባዎቹ በጠዋት መነሳት ይወዳሉ፤ አርፍዶ የመጣን እንግዳም ሩቅ ደሴት ለመውሰድ ያመነታሉ። እነሱ ሲያመነቱ መስማት ይገባል።

መነሻው ባቱ ከተማ ነው፤ ብዙ ሰው አሁንም ዝዋይ ይለዋል። ከአዲስ አበባ ወደ ሐዋሳ የሚወስደው የቀድሞው መንገድ በመሀሉ ያልፋል። ጀልባ የሚያዘው ሐይቁ ዳር፣ ዓሣ አጥማጆቹ ያገኙትን ይዘው ከሚወርዱበት አጠገብ ነው። እዚያ ትንሽ መቆየት ያዋጣል። ቆሮሶውና አምባዛው በቢላ ይሰነጠቃል፣ ይገፈፋል፣ አንጀቱ ወደ ጎን ይጣላል። ከሰዎቹ እግር ሥር አባ ኮዳ ተሰልፎ ይጠብቃል። ቁመቱ 1 ሜትር ተኩል የሚደርስ ወፍ ነው፤ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ የተገረፈ ቆዳ የሚመስል፣ ከጉሮሮው ሥር ያበጠ ከረጢት የተንጠለጠለበት። አንጀት ሲወረወር ክንፉን ሳይዘረጋ ሁለት ሦስት እርምጃ ይራመድና ከአፈር ሳይደርስ በመንቁሩ ይቀልበዋል። ፔሊካኖቹ ደግሞ ከውሃው ሳይወጡ ድርሻቸውን ይጠባበቃሉ።

ጀልባዎቹ ከኋላቸው ሞተር የተገጠመላቸው፣ ጥቂት ሰው የሚይዙ ናቸው። ከባቱ ብዙም ሳይርቁ የወፎች ደሴት የሚሏትን ቋጥኝ ያገኛሉ፤ ቀን ብቻ ይዞ የመጣ ሰው እሷን አይቶ ይመለሳል። ጉማሬዎቹ በብዛት የሚገኙት በዚያው ዙሪያ፣ ፊላው በበዛበት ዳርቻ ነው። ልምድ ያለው ባለ ጀልባ የት እንደሚውሉ ያውቃል፤ ሲቃረብ ሞተሩን ያበርዳል፣ በእነሱና በጥልቁ ውሃ መካከልም አይገባም። ጉማሬ ሲደነግጥ የሚሸሸው ወደ ጥልቁ ስለሆነ መንገዱን መዝጋት አደገኛ ነው።

ዋናው ጉዞ ግን ከዚያ ይርቃል። ከወፎች ደሴት ሌላ በዝዋይ ላይ አምስት ደሴቶች አሉ፦ ቱሉ ጉዶ፣ ጸደቻ፣ ፉንዱሮ፣ ደብረ ሲናና ገሊላ። ትልቁ ቱሉ ጉዶ ነው። በቀስታ ለሚሄድ ጀልባ ከባቱ ከአንድ ሰዓት በላይ ይወስዳል። ከሩቅ ሲያዩት ከውሃው ቀጥ ብሎ የወጣ ተራራ ነው፤ ሲቀርቡ ወገቡ በድንጋይ እርከን የተከፋፈለ መሆኑ ይታያል። መሬት የጠበበው ሕዝብ ቁልቁለቱን ደርድሮ አርሶበታል። አናቱ ላይ የደብረ ጽዮን ማርያም ቤተ ክርስቲያን አለች።

ስለ ደብረ ጽዮን የሚተረከው ታላቅ ነገር ነው። ዮዲት አክሱምን ባጠፋች ጊዜ ካህናቱ ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደ ደቡብ እንደሸሹ፣ ታቦቱም በዚህች ደሴት 70 ዓመት ያህል እንደቆየ የደሴቱ ሰዎች ከአባት ወደ ልጅ ሲያወርሱ ኖረዋል። ትውፊት ነው፤ በትውፊትነቱም መከበር አለበት። በእጅ የሚዳሰሰው ማስረጃ ሌላ ነው፤ በደሴቶቹ ላይ ለዘመናት የተጠበቁ የብራና መጻሕፍት አሉ። በግራኝ አህመድ ዘመንም እንደገና ከየብስ የሸሹ ሰዎች፣ ከጥፋት የተረፉ ቅርሶችም፣ ወደዚህ እንደተሻገሩ ይነገራል። ውሃው አጥር ሆነ። ደሴተኞቹ ከሌላው ክርስቲያን ሕዝብ ተለይተው ለረጅም ዘመን ኖሩ። የተለያዩት እንደገና የተገናኙት የአፄ ምኒልክ ጦር በ1870ዎቹ መጨረሻ አርሲን ከያዘ በኋላ ነው።

ይህ ሕዝብ ዛይ ይባላል፤ ላቂ የሚሉትም አሉ። ለእኛ ለእዣ ሰዎች ጉዳዩ የቅርብ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። የዛይ ቋንቋ ሴማዊ ነው። በዙሪያው ካለው ኦሮምኛ ይልቅ የሚዛመደው ከስልጢ፣ ከወላኔና ራቅ ብሎ ከሐረሪ ጋር ነው፤ የቋንቋ ምሁራን ከምሥራቅ ጉራጌ ቋንቋዎች ጋር ይመድቡታል። የቋንቋ ምሁሩ ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው የጉራጌ ቋንቋዎች ታላቅ መዝገበ ቃላት ውስጥ እዣና ዛይ ከቸሃ፣ ከእነሞር፣ ከመስቃን፣ ከሶዶና ከሌሎቹ ጋር አብረው ሰፍረዋል። ሰውየው በዚያ አላበቃም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የዛይን ሰዋስውና ቃላት ለብቻው በመጽሐፍ አወጣ። ያን ሲያደርግ ከ90 ዓመት አልፎት ነበር። የዛይ ተናጋሪዎች ዛሬ ጥቂት ሺህ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹም ደሴቱን ትተው ወደ ባቱ፣ ወደ መቂና ወደ ሐይቁ ዳርቻ መንደሮች ወርደዋል፤ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪሙ፣ ገበያው ያለው በየብስ ነውና ማንም አይፈርድባቸውም። እዚያ ያደገ ልጅ ግን በኦሮምኛና በአማርኛ መካከል የአያቱን ቋንቋ ለማስቀመጥ ቦታ ያጥረዋል።

ዛዮች ሲኖሩ የኖሩት በዓሣ፣ በእርከን እርሻና በሽመና ነው። ከየብስ የሚያገናኛቸው ደግሞ በደንገል የሚሠራው ታንኳ ነበር። የደንገል አገዳ በውስጡ አየር የቋጠረ ስፖንጅ አለው፤ የሚንሳፈፈው በእሱ ነው። ተቆርጦ ፀሐይ ላይ ይደርቃል፣ በነዶ በነዶ ይታሰራል፣ ነዶዎቹ ጎን ለጎን ተጠፍረው ጫፋቸው ወደ ላይ ይቀለበሳል። ቀዳዳ ቢያገኘውም አይሰጥምም፤ የሚጎዳው ቀስ በቀስ ውሃ መጥጦ ሲከብድ ነው። ስለዚህ ከሥራ ሲመለስ የብስ ላይ ወጥቶ ይደርቃል፤ እንዲያም ሆኖ ዕድሜው በወራት ይቆጠራል።

የዚህ ተክል ጉልበት ዓለምን ያስደነቀበት ጊዜ አለ። ኖርዌያዊው ቶር ሄየርዳል የጥንት ሰዎች በደንገል ጀልባ አትላንቲክን መሻገር ይችሉ እንደነበር ለማሳየት ተነሳና ራ የተባለችውን ጀልባ በግብፅ ፒራሚዶች አጠገብ አሠራ። ደንገሉ የተወሰደው ከጣና ሐይቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮዋ ሳፊ ወደብ ተነስታ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከሄደች በኋላ ፈራርሳ ተተወች። ሄየርዳል ተስፋ አልቆረጠም። በማግሥቱ ዓመት በኢትዮጵያ ደንገል ሌላ ራ አሠራ፤ ሁለተኛዋ በ57 ቀን ባርቤዶስ ገባች። የዛይ ዓሣ አጥማጅ ሐይቁን የሚሻገርበት ተክል ውቅያኖስም ያሻግራል ማለት ነው።

ትንሽ ጀልባን የምናወድሰው ሌላ ስለጠፋ አይደለም። ሀብቱና መርከቡ ያላቸውም ወደዚያው እየተመለሱ ነው። ከኖርዌይ በስተሰሜን፣ ወደ ሰሜን ዋልታ ቅርብ የሆነው የስቫልባርድ ደሴቶች ስብስብ በበጋ ወራት ፀሐይ የማትጠልቅበት፣ የበረዶ ግግር እስከ ባሕር የሚወርድበት አገር ነው። እዚያ ድረስ ሄዶ ባለ ሸራ ትንሽ መርከብ የሚመርጥ ጎብኚ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1910 የተሠራችው ኖርደርሊኽት 20 መንገደኛ ብቻ ይዛ በዚያ ባሕር ላይ ለዓመታት ሠርታለች። ትንሿ መርከብ ትልቁ የማይገባበት ጠባብ ወሽመጥ ትገባለች፤ ሁካታዋም ጥቂት ነው። የኖርዌይ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2025 መጀመሪያ ጀምሮ በጥብቅ ቦታዎቹ ከ200 በላይ መንገደኛ የያዘ መርከብ እንዳይገባ ከልክሏል። ዝዋይም ይህን ያህል ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሐይቅ ነው። ብዙ ሕዝብ የሚጭን፣ ሙዚቃ የሚያስጮህ ጀልባ ለ2 ሜትር ተኩል ውሃና ለሚፈለፍሉ ወፎች አይሆንም።

ሐይቁ ደግሞ ጤነኛ አይደለም። ዙሪያው ያለው የመስኖና የአበባ እርሻ ውሃውን ይስባል፤ እምቦጭም ደርሶበታል። ወንዞቹ የሚያመጡት ደለል ሌላው ሸክም ነው፤ ከዚህ ውስጥ መቂ የሚያወርደው የእኛ ተራራ አፈር ነው። በቡታጅራ ወገን ያለ ገበሬ ማሳውን ሲያረክን፣ ገደሉን በዛፍ ሲሸፍን፣ የዛይን ዓሣ አጥማጅ እየረዳ ነው። እንሰት የሞላበት ጓሮ አፈር እንደሚይዝ ለጉራጌ ሰው መንገር አያስፈልግም፤ ችግሩ ከጓሮው ውጪ፣ ተራቁቶ በቀረው ዳገት ላይ ነው።

መሄድ ለሚፈልግ ሰው ከአገና ተራራውን ተሻግሮ ቡታጅራ፣ ከቡታጅራ ባቱ መድረስ ነው። ከመነሳቱ በፊት የመንገዱን ሁኔታ ይጠይቅ፤ ባቱ አድሮ በማለዳ ጀልባ ቢይዝ ይመረጣል። ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ፣ ከጥቅምት ጀምሮ ያለው ጊዜ ጥሩ ነው፤ ኅዳር 21 ደግሞ የጽዮን በዓል ነው። የሕይወት አድን ጃኬት ያለው ጀልባ ይምረጥ፤ ከተገኘም ባለ ጀልባው ዛይ ቢሆን ገንዘቡም ታሪኩም ከባለቤቱ ዘንድ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ሲገባ ጫማውን ያውልቅ፤ ብራናውን ለማየትም ካህናቱን በትሕትና ይጠይቅ፤ ካልፈቀዱ አያስጨንቃቸው።

ጉብሬ ላይ ላለው ለወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ መምህራንና ተማሪዎች ደግሞ አንድ ጥያቄ አለኝ። የዛይን ቋንቋ አሟልተው የሚናገሩ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች ዛሬ በሕይወት አሉ፤ ደሴታቸውም የአንድ ቀን መንገድ ነው። የድምፅ መቅጃ ይዛችሁ በዚህ ዓመት ሂዱ።