አደን፣ ዓሣ ማስገርና ሕግ በሱዳን

አደንና ዓሣ ማስገር ከእርሻ በፊት የነበሩ የሰው ልጅ ጥንታዊ መተዳደሪያዎች ናቸው። አዳኙም ሆነ ዓሣ አስጋሪው ምግቡን ያገኝ የነበረው የማንም የግል ንብረት ካልሆኑት ከዱርና ከወንዝ ስለ ነበር፣ ከአካባቢው ልማድ በቀር ለብዙ ዘመን የተጻፈ ሕግ አላስፈለገውም። ዱሩ ሲጠብ፣ ገበያው ሲሰፋና መሣሪያው ሲሻሻል ግን «ማን ያድን? ምን ያህልስ ያድን?» የሚል ጥያቄ ተነሣ። ለዚህ ጥያቄ የተሰጠውን መልስ የካርቱምና የአካባቢዋ ታሪክ በሚገባ ያስረዳል።

ካርቱም ጥቁር ዓባይና ነጭ ዓባይ በሚገናኙበት ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ1820ዎቹ የተቆረቆረች ከተማ ናት። በዚያው ምዕተ ዓመት አጋማሽ የዝሆን ጥርስ ነጋዴዎች ጠመንጃ የታጠቁ ሰዎቻቸውን አስከትለው ነጭ ዓባይን ሽቅብ በመጓዝ፣ ያገኙትን ጥርስ በካርቱም በኩል ወደ ውጭ አገር ይልኩ ነበር። በሌላ በኩል በሰቲት፣ ማለትም በተከዜ ወንዝ አካባቢ የሚኖሩት የሐምራን አዳኞች ዝሆንን በፈረስ ተከታትለው በጎራዴ ይጥሉ እንደ ነበር እንግሊዛዊው ተጓዥ ሳሙኤል ቤከር እ.ኤ.አ. በ1861 ዓ.ም. ተመልክቷል። በጎራዴ የሚያድን ሰው የሚጥለው ጥቂቱን ነው፤ ጠመንጃና የውጭ ገበያ ሲገናኙ ግን መንጋው ያልቃል።

እ.ኤ.አ. በ1900 ዓ.ም. አፍሪቃን የተቀራመቱት የአውሮፓ መንግሥታት የዱር አራዊትን፣ አዕዋፍንና ዓሣን ለመጠበቅ ለንደን ላይ ስምምነት ተፈራረሙ። ይሁን እንጂ ሁሉም ስላላጸደቁት በሥራ ላይ ሳይውል ቀረ። እ.ኤ.አ. በ1933 ዓ.ም. እዚያው ለንደን ሁለተኛ ስምምነት ተፈረመ። ከዚህም በኋላ እ.ኤ.አ. በ1935 ዓ.ም. የሱዳን የዱር አራዊት ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ጠረፍ አጠገብ የዲንደር ብሔራዊ ፓርክ ተቋቋመ። ሱዳን እ.ኤ.አ. በ1956 ዓ.ም. ነጻነቷን ካገኘች ከ30 ዓመት በኋላ፣ ማለትም እ.ኤ.አ. በ1986 ዓ.ም. ደግሞ አዲስ የዱር አራዊትና የብሔራዊ ፓርኮች ሕግ ታወጀ።

እነዚህ ሕጎች የሚሠሩት በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ አንዳንድ እንስሳት ፈጽሞ እንዳይታደኑ ይከለክላሉ። ሁለተኛ፣ የቀሩትን ለማደን የፈቃድ ወረቀት ያስፈልጋል ይላሉ። በዚህም ምክንያት አደን ከልማዳዊ መብትነት ወጥቶ መንግሥት የሚሰጠው ፈቃድ ሆነ። ችግሩም የሚጀምረው ከዚህ ላይ ነው። ገንዘብ ያለው እንግዳ በፈቃድ አዳኝ ሲባል፣ አባቶቹ ባደኑበት ዱር ለዕለት ጉርሱ የሚያድነው መንደርተኛ ሕግ ጣሽ ይባላል። በዲንደር ፓርክ ውስጥ ዓሣ ማስገርና ማር መቁረጥም በተከለከሉት ተግባሮች ውስጥ ይቆጠራሉ።

ዓሣን በተመለከተም ነገሩ ተመሳሳይ ነው። ከካርቱም በስተደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በነጭ ዓባይ ላይ የሚገኘው የጀበል አውሊያ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1937 ዓ.ም. ተሠርቶ ካለቀ ወዲህ፣ ከግድቡ በላይ የተንጣለለው ውሃ ለብዙ ዓሣ አስጋሪዎች መተዳደሪያ ሆኗል። የመረብ ዓይን እጅግ ከጠበበ ያልወለደው ጫጩት ዓሣ ሳይቀር ይጠመዳል፤ በዚህም የነገው ምርት ዛሬ ይበላል። ስለሆነም የመረብን ዓይን የሚወስን ደንብ በመጀመሪያ ዕይታ አስጋሪውን የሚያስቸግር ቢመስልም፣ በእርግጥ የሚጠብቀው የእርሱንና የልጆቹን እንጀራ ነው።

የዱር አራዊትም ሆነ ዓሣ የአገር ወሰን አያውቁም። የዲንደር ወንዝ የሚነሣው ከኢትዮጵያ ሲሆን፣ በአማራ ክልል የሚገኘው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ ከዲንደር ፓርክ ጋር ይዋሰናል። አንዱ አገር የጠበቀውን ሌላው ካጠፋው ድካሙ ከንቱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2023 ዓ.ም. በካርቱም የተቀሰቀሰው ጦርነት እንዳሳየውም፣ ሰላም ሲጠፋ ሕጉን የሚያስከብረውም ሆነ በሕጉ የሚጠበቀው ሰው ይበተናል።

ከዚህ ሁሉ የምንረዳው፣ መብትና ጥበቃ ተቃራኒዎች አለመሆናቸውን ነው። እንስሳውን ብቻ አስቦ ሰውን የሚረሳ ሕግ በአካባቢው ሕዝብ ዘንድ ተቀባይነት አያገኝም፤ የዛሬውን ሰው ብቻ አስቦ እንስሳውን የሚረሳ ሕግም ነገ የሚጠብቀው መብት አይኖረውም።