በሰዓት በር እና በመልክ በር፦ ሙስሊም እህቶች ወደ ትልቁ መድረክ የሚሻገሩት እንዴት ነው?



አንድ ምሽት ከዒሻ ሶላት በኋላ ዶርም ውስጥ ሻይ እየጠጣን አንድ ጥያቄ ተነሳ፦ መላው ኢትዮጵያ የሚያውቃቸውን ሙስሊም ሴቶች በስም እንጥራ ተባለ። ሁለት ሦስት ስም ከተጠራ በኋላ ዝም ተባባልን። ወደ ወንዶቹ ስንዞር ግን ከዘፋኝ እስከ ሯጭ፣ ከነጋዴ እስከ ኳስ ተጫዋች ስሙ አላልቅ አለ።

የገረመን ይህን የጠየቅነው ጭሮ ላይ ሆነን መሆኑ ነው። ከሚኤሶ እስከ ሂርና፣ ከጭሮ እስከ በደሳና ገለምሶ ቢኬድ አብዛኛው ሰው ሙስሊም ነው። ፋጡማ፣ ከድጃ ወይም ሀሊማ የሌለችበት ጎረቤት ማግኘት ይከብዳል። በአገር ደረጃ ግን በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የህዝብ ቆጠራ መሠረት ሙስሊሙ ከመቶ 34 ያህል ነው። እዚህ ከብዙዎች አንዷ የነበረችው ልጅ አውቶቡስ ተሳፍራ አዲስ አበባ ስትወርድ ከጥቂቶቹ ወገን ትሆናለች። ስሟ፣ ሒጃቧና አነጋገሯ ሰው የሚያስተውለው ነገር ይሆናል።

ታዲያ ይህን ወንዝ የተሻገሩት እንዴት ተሻገሩ? የታወቁትን ታሪኮች ስናነጻጽር ሁለት በሮች አገኘን።

የሰዓት በር

ሐምሌ 21 ቀን 1988 ዓ.ም. በአትላንታ ኦሎምፒክ የአርሲዋ ፋጡማ ሮባ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ26 ደቂቃ ከ5 ሰከንድ ጨርሳ ወርቅ ወሰደች። በኦሎምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ናት። ቀጥላም የቦስተን ማራቶንን እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 1999 ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። እኛ በየቤታችን የምንጠራው "ፋጡማ" የሚለው ስም ያን ጊዜ የአገር ሁሉ ስም ሆነ። ማንም ዳኛ ወዶ የሰጣት ነገር አልነበረም፤ የመሰከረላት ሰዓቱ ነው።

ሲፈን ሐሰንም የገባችው በዚሁ በር ነው። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ2008፣ በስደት ኔዘርላንድ ገባች። ነርስነት እየተማረች ሩጫዋን ቀጠለች። በቶኪዮ ኦሎምፒክ በ5 ሺህ እና በ10 ሺህ ሜትር ወርቅ፣ በ1500 ሜትር ነሐስ አገኘች። እ.ኤ.አ. በ2023 የለንደን ማራቶን የተካሄደው ዒድ ካለፈ ከሁለት ቀን በኋላ ነበር። ልምምዷ ከረመዳን ጋር ገጥሞ ነበር፤ እሷ ግን በመጀመሪያ ማራቶኗ አሸነፈች።

ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ደግሞ ትዕግሥት አሰፋን በሦስት ሰከንድ ቀድማ በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ የኦሎምፒክ ክብረ ወሰን ሰበረች። ያን ቀን ልባችን ለሁለት የተከፈለብን ብዙዎች ነን። ማታ በመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ ሜዳሊያዋን ልትቀበል ስትወጣ ሒጃብ ለብሳ ነበር። ስትሮጥ አትለብሰውም። ዓለም ሁሉ በሚያያት ሰዓት ግን ለብሳው ቆመች፤ ማንም "አውልቂ" ሊላት አልቻለም።

ይህ በር ግን ዘበኛ የለውም ማለት አይደለም። በዚያው ኦሎምፒክ አዘጋጇ ፈረንሳይ የራሷ ቡድን አባላት ሒጃብ ለብሰው እንዳይወዳደሩ ከልክላ ነበር። በእግር ኳስም ፊፋ በሒጃብ መጫወትን በሙሉ የፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። ስለዚህ አንዲት እህት ተሻገረች ማለት መንገዱ ለሁሉም ተከፈተ ማለት አይደለም። ለእንግዳዋ አሸናፊ የተጨበጨበበት ከተማ ለገዛ ልጆቹ ያንኑ ልብስ ከልክሏል።

የመልክ በር

ሁለተኛው በር የፋሽንና የማስታወቂያ በር ነው። እዚህ የታወቀችው ሶማሊያዊቷ አሜሪካዊት ሀሊማ አደን ናት። ኬንያ ውስጥ በካኩማ የስደተኞች ካምፕ ተወልዳ በልጅነቷ አሜሪካ ገባች። እ.ኤ.አ. በ2016 በሚኒሶታ የቁንጅና ውድድር ላይ በሒጃብና ገላን በሚሸፍን የዋና ልብስ ቀረበች። በማግስቱ ዓመት ከአንድ ትልቅ የሞዴሎች ወኪል ጋር ስትፈራረም ሒጃቧን እንደማታወልቅ ውሏ ላይ አስፍራለች። ብዙም ሳይቆይ በታላላቅ መጽሔቶች ሽፋን ላይ ወጣች።

ኅዳር 2013 ዓ.ም. ላይ ግን ሥራውን ተወችው። በጊዜው እንደገለጸችው፣ ሒጃቧ ቀስ በቀስ ከምታውቀው መልክ እየራቀ ሄዷል። በአንድ ማስታወቂያ ላይ በሻሽ ፋንታ ጂንስ ሱሪ ጭንቅላቷ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። ሶላት ያመለጠበት ጊዜም እንደነበር ተናግራለች።

ሞዴልነት ይፈቀዳል ወይስ አይፈቀድም የሚለውን ለዑለማዎቻችን እንተወዋለን። እኛ ማየት የፈለግነው አሠራሩን ነው። በሰዓት በር የገባችው ሴት የሚፈለግባት ውጤት ነው፤ ውጤቱን ካመጣች በኋላ ማንነቷን ይዛ መቆም ትችላለች። በመልክ በር የገባችው ግን የሚፈለገው ልዩነቷ ራሱ ነው። የተገዛ ነገር ደግሞ ገዢው እንደፈለገው ይቆርጠዋል፣ ይለካዋል። ለዚህ ነው ሒጃቡ በውል ተጽፎም በየቀረጻው ሊጠበቅ ያልቻለው። ወረቀት ብቻውን ሰው አያቆምም፤ አጠገብ ቆሞ "ይህ ይበቃል" የሚል ወገን ያስፈልጋል።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የምህንድስና ተማሪ ምሰሶ የሌለው ድልድይ ሸክም እንደማይችል ያውቃል። ከበደሳ ወይም ከአሰቦት የምትመጣ እህት መሮጥ፣ ፊልም መሥራት፣ ዜና ማንበብ ወይም መጻፍ ብትፈልግ ምሰሶዎቿ ሁለት ናቸው፦ በእጇ ያለ ጥሩ ሙያ እና ከኋላዋ ያለ ሰው።

በዚህ ላይ ራሳችንን እንይ። ስትሻገር ፎቶዋን ስልካችን ላይ ለጥፈን "የእኛ ናት" እንላለን። አንድ ስህተት ስናይባት ደግሞ በዚያው ስልክ እንዘልፋታለን። በመካከሉ፣ ገና ስትለማመድ ግን አልነበርንም። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ጋር በሩጫ እንደተሽቀዳደመች መድረሳ ተቀምጠን ተምረናል። ግቢ ውስጥ እህቶቻችን ሰው ሳያያቸው የሚሮጡበት ሰዓት አላቸው ወይ ብለን ግን ጠይቀን አናውቅም።

ከዚህ እንጀምር። በጀመዓችን ስብሰባ ላይ እህቶች ለስፖርት የራሳቸው ሰዓት እንዲኖራቸው ለግቢው አስተዳደር ጥያቄ እናቅርብ። መጻፍና መቅረጽ የሚችሉትን ሥራቸውን እዚሁ ጋዜጣችን ላይ እንዲያወጡ እንጋብዝ። ያጠፋች ስትኖር በአደባባይ ከመዝለፍ በፊት በግል እንምከራት። የዚያ ምሽቱ ጥያቄ ከዓመታት በኋላ እዚህ ዶርም ውስጥ ሲነሳ፣ ከሚጠሩት ስሞች አንዱ ከዚህ ግቢ የወጣች እህት ስም ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።

ወሏሁ አዕለም።