ስም ለሌላቸው የቆመ ዘብ

ከዋሽንግተን ከተማ የፖቶማክን ወንዝ ተሻግሮ፣ በቨርጂኒያ በኩል ካለው ኮረብታ ላይ፣ ከነጭ እምነ በረድ የተሠራ አንድ መቃብር አለ። ከመቃብሩ ፊት ለፊት በተነጠፈ ጥቁር ምንጣፍ ላይ አንድ ወታደር ይመላለሳል። 21 እርምጃ ይራመዳል፤ ቆሞ ፊቱን ወደ ምሥራቅ ያዞርና 21 ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ቀጥሎ ወደሚመለስበት አቅጣጫ ዞሮ ሌላ 21 ሴኮንድ ይቆማል፤ ከዚያም በ21 እርምጃ ይመለሳል። ተራው እስኪያበቃ ድረስ ይህንኑ ይደግማል። ቁጥሩ የተወሰደው ከ21 ጊዜ የመድፍ ተኩስ ነው፤ በወታደራዊ ሥርዓት ከዚያ የሚበልጥ ሰላምታ የለም።

ቦታው የአርሊንግተን ብሔራዊ መካነ መቃብር፣ መቃብሩም የማይታወቀው ወታደር መቃብር ይባላል። እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1937 ጀምሮ ሌት ከቀን ዘብ ተለይቶት አያውቅም። በዝናብም፣ በበረዶም፣ በዓውሎ ነፋስም አንድ ሰው እዚያ አለ። በየዓመቱ በሚሊዮን የሚቆጠር ጎብኚ ወደ መካነ መቃብሩ ሲመጣ ብዙው የሚጓጓው የዘብ ልውውጡን ለማየት ነው። ልውውጡ በእርግጥ ያምራል። ትርጉሙ የሚገባን ግን ዘቡ ለማን እንደቆመና ማንም በማያየው ሰዓት ምን እንደሚሠራ ስናውቅ ነው።

የተቀበረው ማን ነው?

የአንደኛው የዓለም ጦርነት መድፍ ሰውን ከመግደል አልፎ ማንነቱን ጭምር ያጠፋ ነበር። ጦርነቱ ሲያበቃ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ልጃቸው መሞቱን ቢያውቁም የት እንደተቀበረ የሚነግራቸው አላገኙም። ብሪታንያና ፈረንሳይ ለዚህ ሐዘን ተመሳሳይ መላ አበጁ። እ.ኤ.አ. ኅዳር 11 ቀን 1920 እያንዳንዳቸው ማንነቱ ያልታወቀ አንድ ወታደር በታላቅ ክብር ቀበሩ፤ ብሪታንያ በዌስትሚኒስተር አቢ፣ ፈረንሳይ በፓሪሱ የድል ቅስት ሥር። ልጇን ያጣች እናት ሁሉ ‹‹የእኔ ይሆናል›› ብላ የምታለቅስበት መቃብር አገኘች።

አሜሪካ በዓመቱ ተከተለች። ፈረንሳይ ውስጥ ካሉ አራት የአሜሪካ ጦር መቃብሮች አራት አስከሬኖች ወጥተው ሻሎን ወደተባለች ከተማ መጡ። ኤድዋርድ ያንገር የተባለ፣ በጦርነቱ የቆሰለ ሳጅን ነጭ ጽጌረዳ ይዞ ወደ ክፍሉ ገባ፤ አራቱን ሣጥኖች ዞረና አበባውን በአንዱ ላይ አኖረ። ያ ሣጥን ኦሊምፒያ በምትባል የጦር መርከብ ተጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ የሕግ መወሰኛና የተወካዮች ምክር ቤቶች በሚገኙበት በካፒቶል ሕንፃ ሕዝብ ተሰናበተው፤ ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ በተገኙበትም ኅዳር 11 ቀን 1921 በአርሊንግተን ተቀበረ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነትና ከኮሪያ ጦርነት አንድ አንድ የማይታወቁ ወታደሮች እ.ኤ.አ. በግንቦት 1958 ከጎኑ አረፉ። ከቬትናም ጦርነትም አንድ በ1984 ተጨመረ። የዚህ የመጨረሻው ታሪክ የተለየ ስለሆነ ቆየት ብለን እንመለስበታለን።

ዘብ ለምን አስፈለገ?

የዘቡ አጀማመር እንደዛሬው የተከበረ አልነበረም። መጀመሪያ መቃብሩ ዝቅ ያለ የድንጋይ ንጣፍ ብቻ ነበር፤ ያለበት ኮረብታ ደግሞ ዋሽንግተንን ቁልቁል የሚያሳይ ውብ ቦታ ነው። ስለዚህ ሰዎች ምሳቸውን ይዘው እየመጡ በመቃብሩ ላይ ይቀመጡ ጀመር። ይህን ያዩ የቀድሞ ወታደሮች አቤት አሉ። በ1925 ሲቪል ጠባቂ ተመደበ፤ በ1926 ወታደሮች በቀን መጠበቅ ጀመሩ፤ በ1937 ጥበቃው ሌሊትንም ጨመረ። ዛሬ በቦታው የምናየው ትልቁ እምነ በረድ በ1932 የተጠናቀቀ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1948 ወዲህ ኃላፊነቱ የሦስተኛው እግረኛ ሬጅመንት ነው። ሬጅመንቱ በ1784 የተመሠረተ፣ ዛሬም በሥራ ላይ ካሉት የአሜሪካ እግረኛ ክፍሎች ሁሉ አንጋፋው ነው። ‹‹አሮጌው ዘብ›› የሚለውን መጠሪያ ያወጡለት ጄኔራል ዊንፊልድ ስኮት ሲሆኑ፣ ይህም የሆነው በ1847 በሜክሲኮ ሲቲ በተደረገ የድል ሰልፍ ላይ ነው። የሚቀመጠው ከመካነ መቃብሩ ጋር በሚዋሰነው በፎርት ማየር ሲሆን፣ ከመቃብሩ ጥበቃ ሌላ የወታደሮችን የቀብር ሥነ ሥርዓትና የመንግሥት እንግዶችን አቀባበል ያከናውናል።

ልውውጡ እንዴት ይካሄዳል?

ከሚያዝያ እስከ መስከረም በየግማሽ ሰዓቱ፣ ከጥቅምት እስከ መጋቢት ደግሞ በየሰዓቱ፣ የተረኞቹ አዛዥ ወደ አደባባዩ ይወጣል። ለመቃብሩ ሰላምታ ሰጥቶ ወደ ሕዝቡ ይዞርና ሁሉም ተነሥቶ በዝምታ እንዲከታተል ይጠይቃል። ከዚያ አዲሱን ተረኛ ይፈትሻል። በነጭ ጓንት ጠመንጃውን ተቀብሎ ከአፈሙዙ እስከ ሰደፉ እያገላበጠ ያያል፤ ከባርኔጣው እስከ ጫማው ጫፍ ልብሱን ይመረምራል። ይህ ለማሳየት የሚደረግ አይደለም፤ ጉድለት ከተገኘ ወታደሩ ሊመለስ ይችላል።

አዛዡ፣ አዲሱ ተረኛና ተራውን የጨረሰው ዘብ በምንጣፉ መካከል ይገናኙና ለማይታወቁት ወታደሮች በአንድነት ሰላምታ ይሰጣሉ። አዛዡ ወራጁን ተረኛ ትእዛዙን እንዲያስተላልፍ ያዘዋል። ወራጁ ጥበቃውም ትእዛዙም እንደነበረ መሆኑን ይናገራል፤ ገቢው መቀበሉን ያረጋግጣል። ከዚያ አዲሱ ወታደር በደቂቃ 90 እርምጃ በሚሆን አካሄድ መንገዱን ይጀምራል። የቃል ልውውጡ በሦስት አጭር ዓረፍተ ነገሮች ያልቃል፤ የሥርዓቱ እምብርት ግን እርሱ ነው። አንዱ አደራውን ሳያስረክብ አይሄድም፤ ሌላውም ሳይረከብ አይቆምም። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ሰሞነኞቹ በየሳምንቱ ተራ ቢገቡም ቅዳሴው እንደማይታጎል ሁሉ፣ እዚህም ሰው የሚቀያየረው ጥበቃው እንዳይቋረጥ ነው።

ተመልካች ልብ ቢል ሌሎች ነገሮችም ያያል። ዘቡ አቅጣጫ በቀየረ ቁጥር ጠመንጃውን ወደ ጎብኚዎቹ ባለው ትከሻው ያዛውረዋል፤ ለመቃብሩ የሚመጣውን አደጋ ሁሉ በመካከል ቆሞ እንደሚመክት ማሳያ ነው። በምንጣፉ ላይ የሚመላለሰው ዘብ በደንብ ልብሱ ላይ የማዕረግ ምልክት አያደርግም፤ ምክንያቱም የተቀበሩት ማዕረጋቸው አይታወቅም፣ ከእነርሱ በላይ ሆኖ መታየትም አይገባውም። ቦታውን የከለለውን ሰንሰለት የሚያልፍ ወይም የሚጮህ ጎብኚ ካለ ቆሞ በኃይለኛ ድምፅ ይገሥጻል። ከዚህ በቀር አይናገርም።

መመላለሱን የሚማሩት እንዴት ነው?

ለዚህ ሥራ የሚመጡት ከሬጅመንቱ ውስጥ በፈቃዳቸው የሚያመለክቱ ወታደሮች ናቸው። የቁመት መስፈርት አለ፤ በአንድ ተራ የሚመደቡት በቁመት እንዲቀራረቡ ተደርጎ ነው። ሥልጠናው ወራት ይወስዳል፤ ብዙዎችም አይዘልቁትም። ሠልጣኙ የመካነ መቃብሩን ታሪክ የያዙ ገጾች ሳይሳሳት በቃሉ መያዝ አለበት። የታዋቂ ሰዎች መቃብር የት የት እንዳለ ያጠናል። ልብሱን ራሱ ይተኩሳል፤ ጫማውን ራሱ ያብሳል፤ ለአንድ ቀን ተራ ዝግጅት ሰዓታት ያጠፋል። መካነ መቃብሩ ተዘግቶ ጎብኚ ሁሉ ከሄደ በኋላ፣ በጨለማ፣ እርምጃውን ደጋግሞ ይለማመዳል።

ፈተናውን ሁሉ ያለፈ የመቃብሩን ጠባቂዎች ልዩ ባጅ ይሸለማል። ባጁ መሰጠት የጀመረው በ1958 ሲሆን፣ በአሜሪካ ጦር ውስጥ በጣም ጥቂት ሰዎች ከሚያገኟቸው ባጆች አንዱ ነው። የተሸለመው ሰው ከጦሩ ከወጣ በኋላም እንኳ ክብሩን የሚያጎድፍ ሥራ ቢሠራ ሊነጠቅ ይችላል። በ1996 ሳጅን ሄዘር ጆንሰን ይህን ባጅ በማግኘት የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። ስለ እነዚህ ወታደሮች በሰው አፍ የሚዞር ብዙ ወሬ አለ፤ ዕድሜ ልካቸውን መጠጥ ላለመቅመስ ይምላሉ የሚለው አንዱ ነው። እውነት አይደለም። እውነቱ ራሱ በቂ ነው፤ ወጣቶች ናቸው፣ ደሞዛቸው እንደማንኛውም ወታደር ነው፣ ፍጹምነትን ግን በየቀኑ ከራሳቸው ይጠይቃሉ።

ሰልፈኛም ተዋጊም

የክብር ዘብ ሲባል ለዓይን የተሰለፈ እንጂ የማይዋጋ የሚመስለው ሰው አለ። ታሪክ ይህን አይደግፍም። በለንደን ቤተ መንግሥት ደጃፍ ቀይ ካባና የፀጉር ባርኔጣ ለብሰው የሚቆሙት ክፍሎች በ1982 ፎክላንድ ደሴቶች ላይ ተዋግተዋል። ከአሮጌው ዘብ ሬጅመንት አንድ ሻምበል በ2004 ጎረቤታችን ጅቡቲ ላይ ተሰማርቶ ነበር።

እኛም ይህን ከራሳችን ታሪክ እናውቃለን። የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ በቤተ መንግሥትና በበዓላት ሰልፍ የሚታይ ጦር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1951 ወደ ኮሪያ የዘመተው የቃኘው ሻለቃ የወጣውም ከዚሁ ጦር ነው። ቃኘው በአሜሪካ ሰባተኛ ክፍለ ጦር ሥር ሆኖ ሲዋጋ አንድም ምርኮኛ ሳይሰጥ በመመለሱ ዛሬም ድረስ በኩራት ይነሣል። ከአርሊንግተኑ መቃብር ፊት ካሉት የማይታወቁ ወታደሮች አንዱ የወደቀው የእኛም ልጆች በወደቁበት በዚያው ጦርነት ነው።

አርሊንግተን ሌላም ትዝታ ይዟል። እ.ኤ.አ. ኅዳር 25 ቀን 1963 ፕሬዚዳንት ኬኔዲ እዚያ ሲቀበሩ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በመቃብሩ አጠገብ ቆመው ሰላምታ ከሰጡት የአገር መሪዎች አንዱ ነበሩ። በዚያ ቀን የአሮጌው ዘብ ፈረስ ብላክ ጃክ ኮርቻው ባዶ ሆኖ፣ ቦቲ ጫማ በእርካቡ ላይ ወደኋላ ዞሮ ተሰክቶ፣ ከአስከሬኑ ኋላ ይሳብ ነበር። የጀግና ለቅሶ ሲወጣ የሟቹን ፈረስ ከነኮርቻው፣ ጋሻና ጦሩን ከነጌጡ ለሚያወጣ አገር ሰው ይህ ሥርዓት ባዕድ አይሆንበትም።

ባዶው መቃብር

አሁን ወደ ቬትናሙ ወታደር እንመለስ። በ1984 ሲቀበር ማንነቱ እንዳልታወቀ ተቆጥሮ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን አስከሬኑ የተገኘበትን ቦታና አብረውት የነበሩትን ዕቃዎች ያገናዘቡ ሰዎች ማንነቱን ጠረጠሩ፤ ቤተሰቡም እንዲመረመር ጠየቀ። በግንቦት 1998 መቃብሩ ተከፈተ። የዲኤንኤ ምርመራው በ1972 አውሮፕላኑ ተመትቶ የወደቀው የአየር ኃይል መኮንን ማይክል ብላሲ መሆኑን አረጋገጠ። ዘመዶቹ ወስደው በትውልድ ከተማው በሴንት ሉዊስ ቀበሩት።

በአርሊንግተን የቀረው ቦታ ሌላ ሰው አልገባበትም። በ1999 ለጠፉት ሁሉ መታሰቢያ የሚሆን አዲስ ጽሑፍ ተቀረጸበትና ባዶውን እንዲኖር ተወሰነ። ዘቡ አሁንም ለእርሱም ሰላምታ ይሰጣል። ለእኔ ከሥርዓቱ ሁሉ ትልቁ ቁም ነገር ይህ ነው። ያ መቃብር ባዶ የሆነው አገሪቱ ለስም አልባው ሰው ስሙን መልሳ ለቤተሰቡ ስለሰጠች ነው። እምነ በረዱ፣ የተወለወለው ጫማ፣ የተቆጠረው እርምጃ በመጨረሻ የሚያገለግሉት ይህን አንድ አሳብ ነው፤ የሞተልን ሰው ባናውቀውም ዕዳችን አይሰረዝም፣ ማንነቱን ማወቅ ከቻልን ደግሞ የማወቅ ግዴታ አለብን።

በዋሽንግተን፣ በሲልቨር ስፕሪንግና በአሌክሳንድሪያ አካባቢ የምትኖሩ አንባቢዎች ለዚህ ቦታ ቅርብ ናችሁ። የሰማያዊው መስመር ሜትሮ መካነ መቃብሩ ደጃፍ ያደርሳል፤ መግቢያውም በነፃ ነው። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ። በመንገድ ላይ ስለ ቃኘው ንገሯቸው፤ በማይጨው፣ በኦጋዴን፣ ከዚያም ወዲህ ወድቀው ስማቸው ስላልተጻፈው አባቶችና ወንድሞች ንገሯቸው። እነርሱን ለማክበር መጀመሪያ የሚያስፈልገን እምነ በረድ አይደለም። ቤተሰብ የሚያስታውሰውን ስም፣ የዘመተበትን ቦታና ዓመተ ምሕረት ዛሬ በወረቀት ማስፈር፣ ያንንም ለቀጣዩ ተረኛ ማስረከብ የሁላችንም አቅም የሚችለው የዘብ ሥራ ነው።