መስኖ ያነጣው መሬት

በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ፣ ከመልካ ሰዲ እስከ መልካ ወረር ባለው ሜዳ፣ ቀድሞ ጥጥና ሙዝ ይመረትበት ከነበረው መሬት ከፊሉ ዛሬ ነጭ ጨው ለብሷል፤ አለዚያም ፕሮሶፒስ የተባለው እሾሃማ ዛፍ ወርሶታል። ቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቆ፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣንም በ1962 ከተቋቋመ በኋላ የአፋር አርብቶ አደር የበጋ ግጦሹ ያደረገው የወንዝ ዳር ወደ ሰፋፊ እርሻ ተለወጠ። መሬቱ የነጣው ከዚያ ወዲህ ነው። ምን እናድርገው የሚለው ጥያቄ ለአሥርተ ዓመታት ሲነሳ ኖሯል። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ጨው የሚችል ዘር ፈልጉ የሚል ነው። ይህ መልስ ምን ያህል እንደሚያዋጣ ለመፍረድ ጨው ሰብሉን ምን እንደሚያደርገው ማወቅ ያስፈልጋል።

አስቀድሞ ግን ጨዉ ከየት መጣ? ንጹሕ የሚመስለው የወንዝ ውኃም ጨው አለበት። በሊትር ግማሽ ግራም ብቻ ጨው ያለበት ውኃ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ለአንድ ሄክታር ቢሰጥ፣ 5 ቶን ጨው ማሳው ላይ ይገባል። ውኃው ይተናል፤ ጨዉ ይቀራል። በአሚባራ የሚዘንበው ዝናብ ፀሐይና ነፋስ ሊያተኑት ከሚችሉት ውኃ በብዙ እጥፍ ስለሚያንስ አጥቦ አያወርደውም። በዚህ ላይ ከመጠን በላይ የተለቀቀው መስኖ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውኃ ከፍ አደረገው። ጥልቅ የነበረው ውኃ ወደ ሥር አካባቢ ሲደርስ በአፈሩ ቀጫጭን ክፍተቶች ሽቅብ እየተሳበ የቀደመውንም ጨው ይዞ ይወጣል። ከአሚባራ በላይ፣ በመተሐራ አጠገብ፣ የበሰቃ ሐይቅ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ከነበረበት ተነስቶ ከ40 በላይ ደርሷል። ሶዲየም የበዛበት ውኃው እየተመጠነ ወደ አዋሽ መለቀቁ ደግሞ ከታች ላሉት እርሻዎች ተጨማሪ ሸክም ነው።

አውስትራሊያዊቷ የዕፅዋት ተመራማሪ ራና መንስ እንዳስረዱት፣ ጨው ተክልን የሚጎዳው በሁለት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው ጥም ነው። ሥር ውኃ መሳብ የሚችለው በውስጡ ያለው ፈሳሽ ከአፈሩ ውኃ ይልቅ የሟሙ ነገሮች ስለሚበዙበት ነው። አፈሩ ጨው ሲበዛበት ይህ ልዩነት ይጠብባል። ለቋንጣ የተዘለዘለ ሥጋ ጨው ሲነሰነስበት ውኃውን እንደሚያጣ፣ ሥሩም ውኃ መካከል ተተክሎ ይጠማል። ቅጠሉ ውኃ ለማትረፍ ስቶማታ የሚባሉትን ጥቃቅን ቀዳዳዎቹን ያጠብባል። ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚገባው ግን በእነዚሁ ቀዳዳዎች ነውና ብርሃን አስተጻምሮ፣ ማለትም ቅጠሉ በብርሃን ስኳር የሚሠራበት ሂደት፣ ጥሬ ዕቃው ያንሰዋል። የአፋር ፀሐይ ደግሞ አይቀንስም። ክሎሮፊሉ ተቀብሎት ስኳር ሊሠራበት ያልቻለው ጉልበት ወደ ኦክሲጅን እየተላለፈ ይህ ሥራ የሚከናወንበትን የክሎሮፕላስት ሽፋንና ፕሮቲን የሚያበላሹ ውሕዶችን ይፈጥራል።

እዚህ ላይ ገበሬውን የሚያታልል ነገር አለ። በዚህ ደረጃ ያለ ሰብል ብዙ ጊዜ አይገረጣም፤ እንዲያውም ቅጠሉ ትንሽና ወፍራም ሆኖ ከወትሮው የጠቆረ አረንጓዴ ይመስላል። አንዱን ቅጠል ብቻ ብንለካው ብርሃን አስተጻምሮው ያን ያህል አልወደቀም ልንል እንችላለን። የቀነሰው የቅጠሉ ስፋትና ብዛት ነው፤ ማሳው በጠቅላላ የሚያመርተው ስኳርም አብሮ ወርዷል። ነጩ ጨው በዓይን ከመታየቱ በፊት ምርት መጉደል የሚጀምረው በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ደረጃ መመረዝ ነው፤ ቀናትና ሳምንታት ይወስዳል። ሶዲየምና ክሎራይድ ከውኃው ጋር እየወጡ በአሮጌ ቅጠሎች ይከማቻሉ። ሶዲየም በባሕርዩ ፖታሲየምን ስለሚመስል ቦታውን ይሻማል፤ ፖታሲየም ካላገኙ የማይሠሩ ብዙ ኤንዛይሞች ሥራቸው ይታወካል። ቅጠሉ ከጫፉና ከጠርዙ እየነደደ ይሞታል። አሮጌው የሚረግፍበት ፍጥነት አዲሱ ከሚወጣበት ከበለጠ፣ ተክሉ ፍሬውን የሚመግብበት ቅጠል ያጣል።

ሰብሎች በዚህ ፈተና እኩል አይደሉም። በካሊፎርኒያው የጨዋማነት ላቦራቶሪ ተመራማሪዎቹ ማስና ሆፍማን እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተሙት ሰንጠረዥ እስከ ዛሬ መነሻ ነው። የአፈር ጨዋማነት 10 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ) በደረሰበት ማሳ፣ በስሌቱ መሠረት፣ ጥጥ 12 በመቶ ያህል ምርት ያጣል፤ ስንዴ 28 በመቶ ያህል፤ በቆሎ ግን ምንም አይሰጥም ማለት ይቻላል። ገብስ ከጥጥም በመጠኑ ይሻላል፤ ሽንኩርትና ቦሎቄ ገና በዝቅተኛው ጨው ይጎዳሉ። የሮደስ ሣርን የመሰሉ መኖዎች የገባባቸውን ጨው በቅጠላቸው እስከ ማስወጣት ይደርሳሉ። እንግዲህ የዘር ምርጫ ትልቅ ነገር ነው፤ ለአርብቶ አደሩ መኖ የሚሆን ሣር በተጎዳ መሬት ማብቀል መቻሉም ቀላል ጥቅም አይደለም።

ነገር ግን ጨው የሚችል ሰብል ጨዉን ከመሬቱ አያጠፋም። ችሎታው ሶዲየምን ከሥሩ መመለስ ወይም በሴሉ ከረጢት ውስጥ ማሸግ ነው፤ ለዚህም በብርሃን አስተጻምሮ ካፈራው ጉልበት ይከፍላል። ማሳው በየዓመቱ አዲስ ጨው እየተጨመረበት ዛሬ ጥጥ ቢቻለው ነገ ገብስም አይቻለውም። ጨውን ከሥር አካባቢ የሚያወጣው አጥቦ ማውረድና ያጠበውን ውኃ በማንጣፈፊያ ማስወጣት ብቻ ነው። ሶዲየም የአፈሩን ቅንጣት በትኖ ውኃ እንዳያሳልፍ ባደረገበት ቦታ ደግሞ አስቀድሞ ጂፕሰም ያስፈልጋል። አጥቦ ማንጣፈፉ በወረር አካባቢ ከመሬት በታች በተቀበሩ ቱቦዎች ተሞክሮ እንደሚሠራ ታይቷል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም፤ ለዋናው ቦይ የሚሰጠውን ያህል ገንዘብና ጥገና ለማንጣፈፊያው መስጠት ነው።

አንድ ከባድ ነገር አለ። አዋሽ ባሕር አይደርስም፤ አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ከአሚባራ ታጥቦ ወደ ወንዙ የተመለሰ ጨው ከታች ባሉት በዱብቲና በአሳይታ የሌላ ሰው መስኖ ነው። ስለዚህ ጨዉን ያጠበው ውኃ የት እንደሚሄድ ከተፋሰሱ ሁሉ ጋር ታስቦ መወሰን አለበት፤ ከሁሉም በፊት ግን ከመጠን በላይ ማጠጣት መቆም አለበት።

አሁን በቆላው የበጋ ስንዴ እየተስፋፋ ነው፤ አዳዲስ ግድቦችም ይታቀዳሉ። መስኖ ይቅር የሚል የለም። አንባቢ ሆይ፣ አዲስ የመስኖ ፕሮጀክት ሲመረቅ ስንት ሄክታር እንደሚያለማ ሲነገርህ፣ ማንጣፈፊያው የታለ፣ ጥገናውንስ ማን ይከፍላል ብለህ ጠይቅ።